ከእህሉ ነው ወይስ ከዝንቡ?

ወለተሩፋኤል ገብረ ሚካኤል ፈሪ ናት። ይህን የምለው ለማማት አይደለም፤ ራሷም ብትጠየቅ አትክደውም። ውሻ ትፈራለች፣ ነጎድጓድ ትፈራለች፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚናገር ሰው ትፈራለች። ልጅ ሆና የቁስቋምን ግንብ ፍርስራሽ ብቻዋን ማለፍ ስለማትደፍር፣ መንገደኛ እስኪመጣ ድረስ መንገድ ዳር ቆማ ትጠብቅ ነበር። እንዲህ ያለች ሴት፣ ሰው የገዛ ጥላውን በሚፈራበት በዚያ ዘመን፣ የሚያስጠይቅ ነገር ቤቷ ውስጥ ደርድራ ትኖራለች ብሎ ማን ይገምታል? ደርድራ ነበር ግን። የደረደረችውም ዝንብ ነው።

ዝንብ ስል የዓይን ዝንብ ወይም የቆሻሻ ዝንብ ማለቴ አይደለም። ጠላ በተጠመቀበት ቤት ጋኑ ሲከፈት፣ ከየት መጣች ሳይባል አፉ ላይ የምታንዣብበው፣ ዓይነ ቀይዋ ደቃቃ ዝንብ ናት። ሰው እፍ ብሎ አባሯት ይጠጣል እንጂ ዞር ብሎም አያያት። ወለተሩፋኤል ግን በጎንደር ከተማ በአንድ ኮሌጅ የቤተ ሙከራ ረዳት ሆና ስትቀጠር፣ ሥራዬ ብላ የያዘችው ይችኑ ዝንብ ማየት ሆነ። በማጉያ መነጽር ስታያት ትውላለች። ክንፏን፣ ጸጉሯን፣ ሆዷ ላይ ያለውን ጥቁር መቀነት ታውቀዋለች። እንቁላሏ መቼ እንደሚፈለፈል፣ ትሉ መቼ ቆዳውን እንደሚጥል፣ መቼ ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ወጥቶ ደርቆ እንደሚጣበቅና ከዚያ ውስጥ ክንፍ ያለው ፍጥረት መቼ እንደሚወጣ ታውቃለች። ሙቀት ካገኘ ይፈጥናል፣ ብርድ ከመታው ይጓተታል። ይህን ስትናገር ብቻ ድምፅዋ አይንቀጠቀጥም ነበር።

ሥራውን ያስጀመራት አለቃዋ አቶ አንዳርጋቸው ነው። መምህር ነው፤ ሲያስተምር ጠመኔውን ኪሱ ውስጥ እየረሳ ኮቱ ሁሉ ነጭ የሆነ ሰው። የያዘው ጥያቄ አንድ ነበር፤ የደባርቅ ዝንብ ከቆላዋ ዝንብ ለምን ጠቆረች? ከአይከል ወዲያ ቁልቁል ሲወረድ ያለችው ዝንብ ነጣ ያለች፣ ትንሽ ናት። ደባርቅ ላይ፣ ውርጩ እህል በሚያቃጥልበት አገር ያለችው ደግሞ ተለቅ ያለች፣ ሆዷ የጠቆረ። ብርዱ ነው ያጠቆራት ወይስ ከእናት ከአባቷ ወርሳው ነው? ይህን ለማወቅ ሁለቱንም አምጥቶ አንድ ክፍል ውስጥ፣ አንድ ዓይነት ምግብ እየሰጡ፣ ልጅ በልጅ ላይ እያስወለዱ ማየት ነው። ጥቁሯ በሞቀ ቤት ተወልዳም ጥቁር ከወለደች ነገሩ የዘር ነው፤ ከነጣች የብርዱ ነው።

በ1967 ዓ.ም. ሁለቱ ሆነው ደባርቅም ወጡ፣ ቆላም ወረዱ። አተላ በጣሳ እያደረጉ ከየጠላ ቤቱ ጓሮ አስቀመጡ፤ ዝንቧ ራሷ ገባች። ወለተሩፋኤል ጠርሙሶቹን ጭኗ ላይ አቅፋ በጭነት መኪና ተመለሰች። ከዚያ በአገሩ ጦርነት ገባና መንገዱ ሁሉ ተዘጋ። ዘሩ አንዴ ከጠፋ ሌላ የሚያመጣ የለም ማለት ነው።

አባቷ መሪጌታ ገብረ ሚካኤል የቁስቋም ደብር አገልጋይ ናቸው። ሚስታቸው ከሞተች ጀምሮ ከዚህች አንድ ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ሥራዋ ምን እንደሆነ በሰሙ ጊዜ «የዝንቦቹን አለቃ ብዔል ዜቡልን ልትቀልቢ ነዋ የተማርሽው!» ብለው ሳቁባት። ነገር ግን አንድ ጊዜ በጾም ወራት ሽሮው ውስጥ ነቀዝ አግኝታ ልትደፋው ስትል፣ «ምነው ትደፊዋለሽ?» አሏት። «ነቀዝ ከእህሉ ነው፤ እህሉ ራሱ ሲሞቀውና ሲርስ ነው የሚፈጥረው። አያስገድፍም።» አያቶቻቸውም እንዲህ ሲሉ ነው የኖሩት።

ያኔ ወለተሩፋኤል፣ ፈሪዋ፣ አባቷን ተከራከረች። ሁለት ጠርሙስ ሙዝ ፈጭታ፣ አንዱን አፉን በሻሽ አሰረችው፣ ሌላውን ክፍት ተወችው። ሁለቱንም መስኮቱ ላይ አስቀመጠች። የተከፈተው በትል ተንተከተከ፤ የታሰረው ሻገተ እንጂ አንድ ትል አልታየበትም። መሪጌታ መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ ብዙ አዩት።

«ነቀዙም እንዲሁ ነው?»

«እንዲሁ ነው አባዬ። እናቲቱ ባቄላው ላይ እንቁላሏን ትጥላለች። ትሉም ቢሆን ነፍስ ያለው ነው፤ ዝንቡ ራሱ ነው በልጅነቱ።»

«ሸጋ» አሉ መሪጌታ። ከዚያ ወዲህ ጾም በገባ ቁጥር፣ ባቄላና ሽምብራው ከመቆላቱ በፊት ሰፌዱን ጉልበታቸው ላይ አድርገው በር ላይ ይቀመጡና፣ ነቀዝ ነቀዙን በጣታቸው እየለቀሙ ወደ ጓሮ ይጥላሉ። ለምን እንደሆነ አልነገሯትም። እሷም አልጠየቀችም። ደስም አላት፣ ትንሽም አፈረች።

በ1970 ዓ.ም. ጥር ላይ አንድ ጠዋት፣ አቶ አንዳርጋቸው እያስተማረ ሳለ ሁለት ሰዎች የክፍሉን በር አንኳኩ። ጠመኔውን እንደያዘ ወጣ። ማንም የት ሄደ ብሎ አልጠየቀም። በማግስቱ ስሙን የሚጠራ ሰው አልነበረም፤ ጠረጴዛው ላይ ሌላ ሰው ተቀመጠ። ወለተሩፋኤል ሽንት ቤት ገብታ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ አለቀሰች፤ እንዳይሰማባት። ያን ቀን ቤተ ሙከራው ሊታሸግ ነው ሲባል ጠርሙሶቹን በቅርጫት አድርጋ፣ ከላይ ጎመን ሸፍናባቸው ወደ ቤቷ ይዛቸው ወጣች። ከኮሌጁ በር እስከ ቁስቋም ያለውን መንገድ እንዴት እንደሄደች አታውቅም። ጀግንነት አይደለም። ዘበኛው «ምንድነው?» ቢላት እዚያው ትወድቅ ነበር። ብቻ ምግባቸው ያለቀባቸው ዝንቦች ዓይኗ ላይ መጡባት፤ ደግሞም የሰውየውን ጥያቄ መልስ ልታየው ጥቂት ነበር የቀራት። ጥቁሮቹ እስከዚያን ጊዜ ጥቁር እንደሆኑ ነበሩ።

ቤት ውስጥ፣ ከምድጃው አጠገብ ካለው መደርደሪያ ላይ ደረደረቻቸውና መጋረጃ ሰቀለችባቸው። አፋቸው ሰፊ የሆነ የመድኃኒት ጠርሙሶች ናቸው፤ በጥጥ የተወተፉ። በሶና ሙዝ በማር አብስላ ትቀልባቸዋለች። መሪጌታ ነገሩን አይተው «ልቀቂያቸው ወለቴ» አሏት። «ሰውየው ሲመለስ ሌላ ይይዛል።» እሷ «እሺ» አለች፤ አልለቀቀችም። ሌሊት ውሻ በጮኸ ቁጥር ነገ እለቃቸዋለሁ ትላለች፤ ሲነጋ ደግሞ ምግባቸውን ትቀይራለች።

መጋቢት ላይ፣ ጾሙ እኩል ሲሆን፣ ጎረቤታቸው ወይዘሮ እንኳየሁ በጠዋት በጓሮ በኩል ገቡ። ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«አንቺ ወለቴ፣ ምነው ዝም ብለሽ ትቀመጫለሽ? አሰሳ ነው! የታችኛውን ሰፈር ጨርሰው ወደኛ እየወጡ ነው። የሚያስጠይቅ ነገር ካለሽ ወዲያ በይው!» ይህን ብለው እንደመጡ ተመለሱ።

ወለተሩፋኤል መጋረጃውን ገለጠች። አንድ ጠርሙስ አንስታ ወደ ጓሮው በር ሄደች። እዚያ ስትደርስ ከአጥሩ ማዶ የጠመንጃ አፈሙዝ አየች፤ ቤቱ ተከቧል። ተመልሳ ጠርሙሱን ቦታው አስቀመጠችና መጋረጃውን ጋረደች። መሪጌታ መደቡ ላይ ተቀምጠው ዳዊታቸውን ይደግማሉ። ቀና ብለው አዩዋትና ወደ ንባባቸው ተመለሱ። ድምፃቸው ግን ከወትሮው ከፍ ብሎ ነበር።

ሦስት የአብዮት ጠባቂዎች ገቡ። አለቃቸው አስማረ ይባላል፤ ከወዲያኛው ቀበሌ ነው። ጨዋ አነጋገር ያለው ሰው ነው፤ ይህ ደግሞ ይበልጥ ያስፈራል። «እንደምን አደራችሁ» ብሎ ገባ፤ ቆቡንም አወለቀ። ሌሎቹ ፍራሹን በሳንጃ ተረተሩት፣ የጤፉን ጎታ እስከ ቂጡ ወጉት፣ የዳዊቱን ማኅደር ሳይቀር ገልብጠው አራገፉት። ከቤቱ ውጭ መኪናዋ ሞተሯ አልጠፋም፤ ታጉረመርማለች። በላይዋ የተጫኑ ሰዎች እንዳሉ ወለተሩፋኤል ታውቃለች። ማየት አያስፈልጋትም፤ ዝምታቸው ይሰማል።

አስማረ ራሱ መጋረጃውን ገለጠ።

አንዱን ጠርሙስ ወደ ብርሃኑ አነሣው። ነጫጭ ትሎች መስተዋቱ ላይ ይርመሰመሳሉ፤ ከላይ ደግሞ ዝንቦቹ ጥጡ ሥር ተሰብስበዋል።

«ምንድነው ይሄ?»

«ዝ… ዝንብ ነው።»

«ዝንብ መሆኑንማ አየሁ። ለምን?»

«ለጥናት።»

«ማን አዘዘሽ?»

ስሙ ምላሷ ጫፍ ላይ መጣ። ዋጠችው። «ኮሌጁ» አለች።

አስማረ ጠርሙሱን አገላበጠው። ከዚያ እንደማሰብ ብሎ ተናገረ። «አንቺ እኮ በቀበሌ አዳራሽ በእሑድ የጤና ትምህርት ላይ ታስተምሪያለሽ። እኔም ቁጭ ብዬ ሰምቼሻለሁ። ዝንብ በእግሯ በሽታ ተሸክማ ትዞራለች፣ ሕፃን ትገድላለች ያልሽን አንቺ ነሽ። አላልሽም?»

«ብያለሁ… እሷ ግን ሌላ ናት፤ ይቺ…»

«ባለፈው ሳምንት በእኛ ሰፈር ሦስት ሕፃን በተቅማጥ ሞቷል» አለ አንደኛው ጠባቂ፤ ድምፁ ተሰነጠቀ። «ፀረ አብዮተኞቹ ውሃው ውስጥ የሚጨምሩት ይሄን ነው! በሽታ እያረባች ነው!»

ወለተሩፋኤል አየችው። ከሞቱት አንዱ የሱ ልጅ እንደሆነ ፊቱ ይናገራል። ለዚህ ሰው ስለ ቆላና ደጋ ዝንብ ምን ብላ ታስረዳዋለች? አፏ የመጣላትን አለች።

«መርዝ አይደለም። ምግቡ በሶና ሙዝ ነው፤ ማር አለበት። ሰው የሚበላው ነው።»

ቃሉ ካፏ ሲወጣ ተሳሳትኩ አለች በልቧ፤ ግን አልፏል።

«ሰው የሚበላው ከሆነማ ቅመሺልና» አለ አስማረ፤ ፈገግ ብሎ። «አገራችን እኮ ሕግ አለው። ባለቤት ሳይቀምስ እንግዳ አይጠጣም። ጠላ ስትቀዱ መዳፋችሁ ላይ ጠብ አድርጋችሁ የምትቀምሱት ለምንድነው? መርዝ የለበትም ለማለት አይደለም? ቅመሺ።»

ጠርሙሱን ሰጣት። መብላቱ አልከበዳትም፤ ትሉን እንደሆነ ዘመድ ያህል ታውቀዋለች። ግን ፈሪ ናት ብያለሁ። ጥጡን ስትነቅል ጠርሙሱ ሾለከባትና መሬት ላይ ወድቆ ተሰበረ። ዝንቦቹ ብን ብለው ቤቱን ሞሉት። ጠባቂዎቹ አፍና አፍንጫቸውን ይዘው ወደ በሩ ሸሹ።

«አያችሁ!» አለ አስማረ፤ አሁን ፈገግታው የለም። «እያወቀች ጣለችው። ያዟት።»

ልጁ የሞተበት ሰው ክንዷን ጨበጠው። ከውጭ የመኪናዋ ሞተር ጮኸ፤ ሾፌሩ ነዳጅ ረግጦ ይሆናል። ወለተሩፋኤል አንድ ነገር ብቻ አሰበች፤ ነጠላዬን ሳልይዝ ነው የምሄደው አለች በልቧ፤ ይበርደኛል።

«ልጄ።»

መሪጌታ ዳዊታቸውን አጥፈው ተነሥተዋል። አነጋገራቸው የቀስታ ነበር።

«ቅመሱ ካልህ፣ በዚህ ቤት የሚቀምስ እኔ ነኝ። ባለቤቱ እኔ ነኝ። እሷ ልጅ ናት፤ ደንግጣ ነው።»

አስማረ አያቸው። ሻሻቸውን፣ ጢማቸውን፣ በጾም የገባውን ጉንጫቸውን አየ።

«እርስዎ ጾመኛ አይደሉም እንዴ አባ? ሰዓቱም ገና ነው።»

«አውቃለሁ» አሉ መሪጌታ።

ከመደርደሪያው ላይ ሌላ ጠርሙስ አነሡ። የደባርቆቹ ነው። ወለተሩፋኤል ከተያዘችበት ሆና ትሎቹን አየቻቸው፤ ደንዳና ናቸው፣ ቆዳቸውን ጥለው ያደጉ። ሕፃን ሆና ቅዱስ ቁርባን ከቀመሰችበት ቀን ጀምሮ አባቷ ጾም ሲሽሩ አይታ አታውቅም። ታመው፣ ወባ ይዟቸው፣ ሐኪሙ ወተት ይጠጡ ብሎ ሲለምናቸው እንኳ እንቢ ብለው ነበር። አሁን ደግሞ የሚበሉት ምን እንደሆነ ያውቃሉ። ያሳወቀቻቸው እሷ ናት።

ልትጮህ አፏን ከፈተች። አባዬ አይብሉት ልትል። ነገር ግን አይብሉት ካለች መርዝ ነው ማለቷ ነው። አፏን መልሳ ዘጋችው። በሕይወቷ እንደዚያች ደቂቃ ያለ ፍርሃት አላየችም፤ መጮህም መሞት ነው፣ ዝም ማለትም መሞት ነው።

መሪጌታ አማተቡ። በጣታቸው ዛቅ አደረጉና አፋቸው ውስጥ ከተቱ። አኘኩ። ዋጡ። ጢማቸው ላይ አንድ ነጭ ነገር ተንቀሳቀሰ፤ በአይበሉባቸው ጠረጉት።

«ይድገሙ» አለ አስማረ።

ደገሙ።

ከዚያ ሁሉም ቆሞ ጠበቀ። መሪጌታ ይወድቁ እንደሆነ፣ አረፋ ይደፍቁ እንደሆነ ማየት ነው። ዝንቦቹ በየሰዉ ራስ ላይ ይዞራሉ። መሪጌታ መደቡ ላይ ተመልሰው ተቀምጠው ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለዋል፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለውም። ብዙ ቆዩ። በመጨረሻ ልጁ የሞተበት ሰው የወለተሩፋኤልን ክንድ ለቀቀና ፊቱን አዙሮ ወጣ፤ ደጅ ላይ ሲያስመልሰው ይሰማል።

አስማረ ቆቡን ደፋ። «ዛሬውኑ አስወግጂያቸው» አላት። «ነገ መጥቼ ባገኝ ቅምሻ የለም።» ለመሪጌታ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሥቶ ወጣ። መኪናዋ ወደ ላይኛው ሰፈር ቀጠለች።

ወለተሩፋኤል መሬቱ ላይ ተቀመጠች። አባቷን ቀና ብላ ማየት አልቻለችም፤ እሳቸውም አላዩዋትም። የተሰበረውን ጠርሙስ ጠረገች፣ የተተረተረውን ፍራሽ ሰበሰበች። ቀሪዎቹን ጠርሙሶች በዚያው ቅርጫት አድርጋ ወደ ጓሮ ወሰደቻቸው። ከጌሾው ሥር ተቀምጣ የአንዱን ጥጥ ነቀለች፣ ከዚያ የሌላውን፤ የጥቁሮቹንም የነጮቹንም። ወዲያው አልወጡም። የሞቀ ቤታቸው ነው፣ ምን ያስወጣቸዋል? ጠርሙሱን ስታራግፈው ነው የተነሡት፤ ተደባልቀው ከጌሾው ቅጠል በላይ ትንሽ ዞሩና ከዓይኗ ጠፉ። ሦስት ዓመት አልፎበት ነበር። የአቶ አንዳርጋቸው ጥያቄ አብሯቸው ሄደ፤ ሰውየውንም ያን ቀን የቀበረችው መሰላት። እንዲያም ሆኖ፣ እውነቱን እንናገር፣ ትንሽ ቀለል አላት።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የቁስቋም ደወል ተሰማ። መሪጌታ በዚያ ሰዓት ወደ ቅዳሴ ይሄዱ ነበር፤ ያን ቀን አልሄዱም። በር ላይ ወጥተው፣ ደረታቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ተቀምጠዋል። ወለተሩፋኤል ከኋላቸው ቆመች።

«ወለቴ።»

«አቤት አባዬ።»

«ያ ነገር» አሉ፤ ወደ ደወሉ እያዩ። «ትሉ። ከእህሉ ነው ወይስ ከዝንቡ?»

መልሱን ሁለቱም ያውቁታል። መስኮቱ ላይ፣ በሻሽ ታስሮና ሳይታሰር፣ አብረው አይተውታል። ያ ጥያቄ በሕይወቷ ሳትፈራ የምትመልሰው ብቸኛ ጥያቄ ነበር።

«ከእህሉ ነው አባዬ» አለች። «እርስዎ ያሉት ነው ልክ። እኔ ያን ጊዜ ተሳስቼ ነው።»

መሪጌታ ዞር ብለው አዩዋት። ረጅም ጊዜ አዩዋት፤ እሷ ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች።

«ሸጋ» አሉ። «ከእህሉ ከሆነማ ተመስገን ነው።»

ወለተሩፋኤል ምግባቸውን ልታቀርብ ወደ ውስጥ ገባች። ሽሮውን አሙቃ፣ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ፣ ሳህኑን ይዛ ስትመለስ በሩ ላይ ቆመች። መሪጌታ ሰፌዱን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ መነጽራቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው፣ ከነገው ባቄላ ውስጥ ነቀዙን አንድ በአንድ እየለቀሙ ወደ ጓሮ ይጥሉ ነበር።